ፎቶግራፍም እንደ ጽሕፈት መነበብ አለበት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የብርሃን ጽሕፈት» ማለት ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ጽሕፈት ከሆነ መነበብ ይገባዋል። እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ለተቀባዩ ምንም እንደማይነግረው ሁሉ፥ የደበዘዘ ፎቶግራፍም ምንም ያህል ውድ በሆነ መሣሪያ ቢነሣ ለተመልካቹ የሚሰጠው ቁም ነገር የለም።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እስከ ላንቻ ድረስ አብሮን ይሂድ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ላንቻ ከተባለው የኢጣልያ መኪና ፋብሪካ ነው። ካዛንቺስም እንዲሁ በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ስሙን ወርሷል። ስሞቹ በሕዝብ አፍ ላይ ቀርተዋል፤ ከቤቶቹ ግን ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተዛውረዋል።

ከተማ መለወጡ የማይቀር ነገር ነው። ነገር ግን የፈረሰው በር፥ በሱቁ ግንባር ላይ በእጅ የተጻፈው ስም፥ በደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤታሞች ፊት ዳግመኛ ፎቶግራፍ አይነሣም። እንደዚህ ያለውን ነገር ለማንሣት የሚገኘው ዕድል አንድ ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ዕድል የተነሣው ሥዕል ደብዝዞ የሱቁ ስም የማይነበብ፥ የሰዎቹም ፊት የማይለይ ከሆነ፥ ከአሥር ዓመት በኋላ «ይህ የማን ቤት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልስ አያገኝም። ይህ ጽሑፍም ዲጂታል ካሜራ በእጃቸው ያለ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጥርት ያለ ሥዕል የሚያገኙበትን መንገድ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ካሜራው ምን ዓይነት ነው?

ዲጂታል ኤስ ኤል አር የሚባለው ካሜራ በውስጡ አንድ መስተዋት ያለበት ነው። ብርሃን በሌንሱ ገብቶ በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ ይመለስና በማያው ቀዳዳ በኩል ለዓይናችን ይደርሳል። ቁልፉን የተጫንን እንደሆነ መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ ሹተር የሚባለው መዝጊያ ለቅጽበት ይከፈታል፤ ብርሃኑም ፊልም ይውልበት በነበረው ቦታ በተተካው ሴንሰር ላይ ያርፋል። እንግዲህ አንሺው የሚያየው በሌንሱ የሚገባውን ያንኑ ሥዕል ነው ማለት ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኒኮን ኤፍ 3 ካሜራ ላይ ተመሥርቶ ለገበያ ያወጣው የዚህ ዓይነት ካሜራ 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው። ዛሬ በወጣቶች እጅ የሚገኙት ብዙዎቹ 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ይኸውም በአግድም 6000፥ በቁመት 4000 ነጥብ ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ አሁን ፊታቸውን መስተዋት ወደሌላቸው ካሜራዎች ስላዞሩ፥ አዲስ መግዛት ላልቻለ ሰው ያገለገለ ባለ መስተዋት ካሜራ ከባለቤቱ መግዛት ወይም መዋስ አይከብድም።

ሆኖም የነጥቡ ብዛትና የሥዕሉ ጥራት አንድ አይደሉም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነችውን የተለመደች ፎቶግራፍ በጥሩ ሁኔታ ለማተም 2 ሚልዮን ያህል ነጥብ ይበቃል። ስለዚህ ካሜራዬ አሮጌ ነው ብሎ የሚያዝን ወጣት ሐዘኑን ትቶ አያያዙን ይመርምር። እንዲያውም 24 ሚልዮን ነጥብ ያለው ካሜራ የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል እንጂ አይሸሽግም።

በሽታውን መለየት

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት በሽታውን ይለያል። የደበዘዘ ሥዕልም እንደዚሁ ነው። ሥዕሉን በካሜራው መስኮት ላይ አጉልቶ ማየትና የሚከተለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፥ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ቤቱም፥ ዛፉም፥ ሰውም ወደ አንድ ወገን የተጎተተ መስሎ ከታየ፥ የተንቀጠቀጠው ካሜራው ነው። ሁለተኛ፥ ግድግዳው ጠርቶ የሚራመደው ሰው ብቻ የተጎተተ እንደሆነ፥ መዝጊያው ለሰውየው እርምጃ ዘግይቷል። ሦስተኛ፥ የሰውየው ፊት ደብዝዞ ከኋላው ያለው የበር መቀርቀሪያ ጥርት ብሎ ከታየ፥ ፎከሱ የተያዘው በስሕተት ቦታ ነው። አራተኛ፥ ምንም የተጎተተ ነገር ሳይኖር ሁሉም ነገር ጉም የለበሰ ከመሰለ፥ ሌንሱ ቆሽሿል፤ ወይም ፀሐይ ፊት ለፊት ገብታበታለች።

እነዚህን አራቱን ሳይለይ ካሜራውን የሚነካካ ሰው ግን ያልታመመውን እግር እንደሚያሽ ወጌሻ ይሆናል።

ከአያያዝ ይቀደዳል

«ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ተረት ለካሜራም ይሠራል። ብዙ ሰው ካሜራውን በሁለት እጁ ከግራና ከቀኝ እንደ ትሪ ይይዘዋል። ትክክለኛው አያያዝ ግን ግራ እጅን ከሌንሱ ሥር አድርጎ ክብደቱን በመዳፍ መሸከም፥ ሁለቱን ክርኖች ከጎን አጥንት ጋር ማስጠጋት፥ ካሜራውንም ከቅንድብ ጋር ማስደገፍ ነው። አንድ እግር ጥቂት ወደፊት ይቅደም። ትንፋሽን ግማሹን አውጥቶ ቁልፉን በቀስታ መጫን እንጂ መምታት አይገባም። ግድግዳ ወይም የመብራት ምሰሶ በአጠገብ ካለ ደገፍ ማለት ነውር የለውም።

ከዚህ በኋላ የመዝጊያው ፍጥነት ይታሰባል። የቆየው ደንብ እንዲህ ይላል፦ የሌንሱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ስንት ከሆነ፥ ፍጥነቱ ከዚያ ቁጥር ክፋይ ሰከንድ አያንስ። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ከቀድሞው ፊልም ያነሰ ስለሆነ፥ ቁጥሩን በኒኮን 1.5፥ በካኖን 1.6 ጊዜ ማብዛት ይገባል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ 1/80 ሰከንድ፥ 200 ሚሊ ሜትር በሆነው ደግሞ 1/320 ሰከንድ ዝቅተኛው ወሰን ነው። እጁ የማይረጋ ሰው ይህንኑ እጥፍ ቢያደርገው አይጎዳም።

በካኖን አይ ኤስ፥ በኒኮን ቪ አር የሚባለው የማረጋጊያ መሣሪያ በሌንሱ ላይ ካለ፥ ወሰኑ ሦስት ደረጃ ያህል ዝቅ ሊል ይችላል፤ በ1/100 ይነሣ የነበረው በ1/15 ሰከንድ ያህል ይነሣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ ነው እንጂ የሚነሣውን ሰው አይደለም። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ካሜራውን የሰካ ሰውም በብዙዎቹ አሮጌ ሌንሶች ላይ ማረጋጊያውን ቢያጠፋው ይሻላል፤ ቁልፉንም በጣት ከመጫን የ2 ሰከንዱን መቆያ ቢጠቀም መልካም ነው።

የፓሪሱ ሊስትሮ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና በመስኮት ሆኖ ፎቶግራፍ አነሣ። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚመላለስበት ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱም ሥዕሉ እስኪያዝ ብዙ ደቂቃዎች ስለወሰደ፥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። ጎልቶ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንሥቶ ቆሞ የነበረ ነው። ጠራጊውም በእግሩ ሥር በከፊል ይታያል። በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ጎልተው ከሚታወቁት ከመጀመሪያዎቹ የሰው ምስሎች አንዱ እንግዲህ የሊስትሮ ደንበኛ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የቆመ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀስ ያልፋል። ዛሬም በላንቻ መንገድ ዳር አንድ ሊስትሮና ደንበኛውን በ1/60 ሰከንድ ብናነሣ ደንበኛው ጠርቶ ይወጣል፤ ብሩሹን የያዘው እጅ ግን ጭስ ይመስላል። እጁም ይጥራ ካልን 1/500 ያስፈልገናል።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። በመጠነኛ እርምጃ የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ነው። በ1/60 ሰከንድ ውስጥ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል፤ አፍንጫው እንዲደበዝዝ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ መንገድ ላይ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር በላንቻ ጣቢያ አጠገብ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ነው እንበል። በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። በ1/100 ሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር፥ በ1/1000 ሰከንድ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። በመስኮቱ የሚታየውን ተሳፋሪ ፊት የምንፈልግ ከሆነ የትኛውን እንደምንመርጥ ሒሳቡ ራሱ ይነግረናል።

ከዚህ የተነሣ ለሚራመድ ሰው 1/250፥ ለሚሮጥ ልጅና እስክስታ ለሚመታ ትከሻ ከ1/500 እስከ 1/1000 ሰከንድ መያዝ ይበጃል። ይህን ለማድረግ የካሜራውን መደወያ በካኖን ቲቪ፥ በኒኮን ኤስ በሚለው ላይ አድርጎ ፍጥነቱን ራስ መምረጥ ነው፤ የቀረውን ካሜራው ያስተካክላል።

የሴኮንድ ክፋይ ምን ዋጋ እንዳላት ለማወቅ የአገራችንን ሰው ሥራ እንመልከት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከተከሰከሰ በኋላ፥ የአሶሲዬትድ ፕሬስ ፎቶግራፍ አንሺ ሙሉጌታ አየነ በስፍራው ተገኝቶ የሟቾችን ዘመዶች ሐዘን አንሥቷል። ከነዚህ ሥዕሎች በአንዱ ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር አንሥታ በፊቷ ላይ ስትበትን ትታያለች። ሥራውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልሟል። እንደዚህ ያለ ቅጽበት አይደገምም፤ ሐዘንተኛን «እንደገና አድርጊው» ማለትም አይቻልም። መዝጊያው ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሐዘን በዓለም ፊት ሊመሰክር ባልቻለ ነበር።

ፎከስ የት ይያዝ?

ካሜራው ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ፎከስ የሚይዝበትን ነጥብ ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። እሱም ዘወትር ለእሱ የቀረበውን ነገር ይመርጣል። ስለዚህ በቤቱ ደጃፍ የቆሙትን አዛውንት ለማንሣት ስንፈልግ ከፊታቸው ያለውን የአጥር ቅጠል ይይዝብናል። መድኃኒቱ አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ፥ በተለይም የመካከለኛውን፥ በምንፈልገው ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። የሚነሣው ሰው ከሆነ ነጥቡ ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ ይረፍ። ዓይን ከጠራ ጆሮ ቢደበዝዝ ተመልካች ይቅር ይላል፤ ጆሮ ጠርቶ ዓይን ቢደበዝዝ ግን ይቅርታ የለም።

ቁልፉን ግማሽ ድረስ ስንጫን ፎከሱ ይያዛል፤ ሙሉ በሙሉ ስንጫን ሥዕሉ ይነሣል። በሁለቱ መካከል አንሺው ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ የለበትም። ለቆመ ነገር በካኖን «ዋን ሾት»፥ በኒኮን «ኤ ኤፍ ኤስ» የሚለውን መምረጥ፥ ለሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ በካኖን «ኤ አይ ሰርቮ»፥ በኒኮን «ኤ ኤፍ ሲ» የሚለውን መምረጥ ይገባል።

የፎከሱ መሣሪያ የሚሠራው ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን መስመር በመፈለግ ነው። እንግዲያስ በተለሰነ ግድግዳ ወይም በነጭ የሐበሻ ቀሚስ መካከል ላይ ቢያነጣጥሩበት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ነጥቡን በጥለቱ ጠርዝ ላይ ያሳረፉ እንደሆነ ግን ወዲያው ይይዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥዕሉ ሁልጊዜ ጥቂት ወደፊት ወይም ጥቂት ወደኋላ የሚጠራ ከሆነ፥ በካሜራውና በሌንሱ መካከል አለመጣጣም አለ ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ፎከስ የሚለካው መሣሪያ ከሥዕል መያዣው ሴንሰር ተለይቶ ከመስተዋቱ በታች ስለሚገኝ ነው። አንድ ማስመሪያ በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በቁጥር 15 ላይ ፎከስ አድርጎ ማንሣትና የጠራው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ማየት ቀላል መመርመሪያ ነው። ላይቭ ቪው በሚባለው አሠራር ሥዕሉን በኋለኛው መስኮት ላይ እያዩ የተነሣ እንደሆነ ግን ፎከሱን የሚለካው ራሱ ሴንሰሩ ስለሆነ ይህ ችግር የለም። ለቆመ ቤትና ለሰነድ ይህን የሚያህል የለም።

ዓይናቸው መነጽር የሚፈልግ ሰዎችም ከማያው ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዘውር አይርሷት። በማያው ውስጥ ያሉት ፊደሎች ጠርተው እስኪታዩ ድረስ እሷን ማዞር በቂ ነው።

የሌንሱ ቀዳዳ

በሌንስ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ፤ አፐርቸር ይሉታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ይገባል፤ ነገር ግን ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ያንሳል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በኤፍ 1.8 ቢነሣ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በኤፍ 8 ከሆነ ግን ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል።

ስለዚህ በምረቃ ቀን ተማሪዎች በሦስት ረድፍ ቆመው በኤፍ 1.8 የሚያነሣ ሰው የፊተኞቹን አክብሮ የኋለኞቹን ይበድላል። እንዲህ ያለው ሥዕል በኤፍ 8 ይነሣ፤ አንሺውም ጥቂት ይራቅ። በሌላ በኩል ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም ትርፍ አያመጣም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሥዕሉ በሙሉ ይለዝባል። ብዙ ሌንሶች ከሁሉ የበለጠ የሚጠሩት ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ባለው መካከል ነው።

ብርሃንና የከተማችን ሰማይ

በጠራ ፀሐይ ላይ አይ ኤስ ኦ የሚባለው የብርሃን ንቃት ቁጥር 100 ሆኖ በኤፍ 8 እስከ 1/400 ሰከንድ ድረስ መድረስ ይቻላል። በጥላ ሥር ግን ብርሃኑ ብዙ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ አይ ኤስ ኦውን ወደ 400 ማሳደግ ነው። በቤት ውስጥ በማታ ቡና ሲፈላ ለማንሣት ደግሞ ኤፍ 1.8፥ 1/125 ሰከንድና አይ ኤስ ኦ 3200 መጀመሪያ ቢሆን መልካም ነው።

ብዙ ጀማሪዎች አይ ኤስ ኦውን ማሳደግ ይፈራሉ፤ ሥዕሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይመስላል። ነገር ግን አሸዋ የተበተነበትን ፊት ማንነቱን እንለያለን፤ የተጎተተውን ፊት ግን ማንም አይለየውም። ሁለቱ ክፉዎች ቢቀርቡ አሸዋውን መምረጥ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሌላውም ወራት ብትሆን ቀትሯ ለፊት አይስማማም፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሸፈናል። በአስፋልት ላይ የሚነሣው ሙቀትም ከሩቅ በረጅም ሌንስ የሚነሣውን ነገር ሁሉ እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህን የሚያርም ካሜራ የለም። ስለዚህ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ከቀኑም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት መምረጥ ይበጃል። የክረምት ደመናም አይናቅ፤ ለፊት ፎቶግራፍ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል።

አቧራና እርጥበት

ግንባታ በበዛበት ሰፈር አቧራ የካሜራ ጠላት ነው። ሌንስን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ መጥረግ አይገባም፤ በጨርቁ ላይ ያለው ደቃቅ አሸዋ መስተዋቱን ይፍቀዋል። በመጀመሪያ በአየር መንፊያ አቧራውን ማራገፍ፥ ቀጥሎም ለሌንስ በተሠራ ንጹሕ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር በቀስታ መጥረግ ነው። ሌንስ ሲቀየር ካሜራው አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ባቡርና መኪና አቧራ በሚያስነሡበት መንገድ ዳርም አይቀየር። በክረምት ካሜራን በእርጥብ ቦርሳ ውስጥ ለወራት ማስቀመጥ በሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። በደረቅና ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ፥ አልፎ አልፎም አውጥቶ መጠቀም የተሻለ ጥበቃ ነው።

ከተነሣ በኋላ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ሥዕሉን ካነሡ በኋላ ወዲያው መሄድ አይገባም። በመስኮቱ ላይ ዓይኑን ወይም የሱቁን ጽሑፍ አጉልቶ ማየትና ካልጠራ እዚያው እንደገና ማንሣት ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ማንሣት ዋጋ አያስከፍልም፤ የፊልም ዘመን አልፏል። በኮምፒዩተር ጥቂት ማጥራት የሚቻል መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ የጠርዙን ልዩነት ያጎላል እንጂ ያልተያዘውን ነገር ከየትም አያመጣውም።

በቴሌግራም ሥዕል የሚላላኩ ወጣቶችም ይህን ይወቁ። ሥዕል እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የተደከመበት ጥራትም በከፊል ይጠፋል። እንደ ፋይል የተላከ እንደሆነ ግን እንዳለ ይደርሳል። መንገድ ወይም ድልድይ ተመልክቶ ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት የሚያቀርብ ወጣት ሠራተኛ በተለይ ይህን ልብ ይበል፤ በስንጥቁ ላይ ፍርድ የሚሰጠው መሐንዲስ ስንጥቁን ማየት አለበት።

በቤት ያለ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶግራፍም እንዳይጠፋ በዚሁ ካሜራ ሊገለበጥ ይችላል። ሥዕሉን በጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፥ ካሜራውን በመቆሚያ ላይ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርጎ፥ ብልጭታ ሳይጠቀሙ በመስኮት ብርሃን፥ በኤፍ 8 እና በ2 ሰከንድ መቆያ ማንሣት ነው።

ፈቃድና ስም

ከዘዴው ሁሉ በላይ ግን ጨዋነት ይቀድማል። ሰውን በድብቅ የሚያነሣ ሰው ስለሚቸኩል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፈቃድ የጠየቀ ግን ጊዜ ያገኛል። «እማማ፥ ከደጃፍዎ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ባነሣዎ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ጎንበስ ያለ ወጣት፥ ብዙውን ጊዜ «ቆይ ልጄ፥ ነጠላዬን ላስተካክል» የሚል መልስ ያገኛል። በዚያች ነጠላ በምታስተካከልባት ጊዜ ውስጥ ነጥቡን በዓይናቸው ላይ ማሳረፍ፥ ፍጥነቱን መመልከትና ትንፋሽን መሰብሰብ ይቻላል። እምቢ ካሉ ደግሞ አመስግኖ ማለፍ ነው። ጥበቃ ባለበት ሕንፃ ዘንድም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም የጠራ ሥዕል ስም ከሌለው ግማሽ ጽሕፈት ነው። ማን እንደሆነ፥ የት እንደተነሣ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ በታተመው ፎቶግራፍ ጀርባ በእርሳስ፥ በኮምፒዩተር ከሆነም በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ለተነሡት ሰዎችም አንድ አንድ ቅጂ ይድረሳቸው፤ ከሰፈራቸው ለተነሡ ሰዎች እንዲህ ያለው ስጦታ ቀላል አይደለም።

በላንቻ፥ በቂርቆስና በካዛንቺስ ዛሬ ቆሞ የምናየው ሁሉ ነገ ቆሞ አይገኝ ይሆናል። ካሜራ ያለው ወጣት በሚመጣው እሑድ ጧት ወጥቶ የአንድ ቤት በር፥ የአንድ ሱቅ ስምና የአንድ ጎረቤት ፊት በጥንቃቄ ቢያነሣ፥ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚነበብ ገጽ ትቶለታል ማለት ነው።